ኢንሱሊን ከቶሮንቶ ደካ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ደካ ላይ ታመመች እንበል። ደካ በካፋ ዞን ጌሻ ወረዳ፣ ከቦንጋ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ ከተማ ናት። ልጅቷ ሁለት ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ትነሳለች፣ ውኃ ጠጥታ አትረካም፣ ትበላለች ግን ትከሳለች። እናት "ቁመት እየጨመረች ስለሆነ ነው" ብላ ታልፈዋለች። ከዚያ ያስመልሳት ይጀምራል፣ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ከአፏም የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ ይወጣል። አንዱ ጎረቤት ወባ ነው ይላል፤ ሌላው የአንጀት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ዓይን በልቷታል ይላል።

ያን ዕለት አንድ ሰው ጣቷን ወግቶ፣ ጠብታ ደም ወስዶ ስኳሯን ከለካና ኢንሱሊን ከተጀመረላት ልጅቷ ትድናለች። ካልሆነ የቀራት የቀናት ዕድሜ ነው፤ የሞቷም ምክንያት ወባ ወይም ተቅማጥ ተብሎ ይነገራል።

ይህ ሕመም ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ይባላል። ሰው በዕድሜው ወይም በውፍረቱ ምክንያት ከሚያመጣው የስኳር ሕመም ይለያል። የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ያጠፋል። ኢንሱሊን ከሌለ ምግብ ደም ውስጥ ገብቶ ወደ ሕዋሳት አይዘልቅም፤ ሰው ጠግቦ እየበላ ይራባል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ኢንሱሊን ራሱ፣ በመርፌ፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ።

እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ የወጣ ጥናት፣ በዓለም ላይ ከዓይነት አንድ ጋር የሚኖሩ ሰዎች 8.4 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን ገምቷል። እዚያው ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ንጽጽር አለ። በ10 ዓመቱ ሕመሙ የተገኘበት ልጅ ሀብታም አገር ውስጥ ከሆነ በአማካይ ሌላ 65 ዓመት ይኖራል። ድሃ አገር ውስጥ ከሆነ 13 ዓመት። አንዱ የልጅ ልጁን ያያል፤ ሌላው በ23 ዓመቱ ገደማ ይቀበራል።

ሕመሙ አንድ ነው፣ መድኃኒቱም አንድ ነው። የ52 ዓመቱ ልዩነት ከየት መጣ? መልሱ ያለው በመድኃኒቱ ታሪክ ውስጥ ነው፤ ያ ታሪክ ደግሞ የርቀት ታሪክ ነው።

🔹 አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ሕክምና

ካፋ ዘመናዊ ሕክምናን ያየችው ዘግይታ አይደለም። የካፋ ነገሥታት አገራቸውን በቦይና በኬላ አጥረው፣ የውጭ ነጋዴ ቦንጋ ላይ እንዲቆም ሲያስገድዱ በነበረበት ዘመን፣ ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 በካፋ ኖረዋል። ማሳያ ከስብከታቸው ሌላ በአንድ ነገር ይታወቁ ነበር፤ ፈንጣጣ ይከትቡ ነበር። በኢትዮጵያ በተዘዋወሩባቸው አገሮች "የፈንጣጣ አባት" እስከ መባል ደርሰዋል።

ክትባት ለሩቅ አገር የተመቸ ሕክምና ነው። አንድ ሰው በበቅሎ ይመጣል፣ ክንድ ይጭራል፣ ይሄዳል። የተከተበው ሰው ከዚያ በኋላ ሐኪሙን አይፈልገውም፣ ኬላው ቢዘጋም አይጎዳም።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና አገልግሎት ብዙ ድል ያገኘውም በዚሁ መንገድ ነው። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ መድኃኒት ይረጩ ነበር። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር በዚያ አንድ ዓመት ብቻ በአገሪቱ ከ26,000 በላይ ሰዎች በፈንጣጣ መያዛቸው ተመዝግቧል። ክትባት ሰጪዎቹ በእግር፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር ተራራውንም በረሃውንም አዳረሱ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ በኦጋዴን ተገኘ። በመሀሉ ንጉሥ ወርዷል፣ አብዮት ፈንድቷል፣ ዘመቻው ግን ከግቡ ደርሷል።

ይህን ድል ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ነገር ግን ሥርዓቱን አንድ ልማድ አስተምሮታል፤ ዘምቶ መድረስን፣ ደርሶ መመለስን። ዓይነት አንድ ደግሞ የዘመቻ ተቃራኒ ነው። ለዚህች ልጅ አንድ ጊዜ መድረስ ምንም አይጠቅማትም። ዛሬ የደረሰ ነገ ካልደረሰ፣ ዛሬ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

🔹 ቶሮንቶ፣ 1914 ዓ.ም.

ከኢንሱሊን በፊት ዓይነት አንድ በየትም አገር የሞት ፍርድ ነበር። በአሜሪካ የተሻለ የሚባለው ሕክምና ልጁን ማስራብ ነበር፤ ስኳሩ እንዳይጨምር ምግቡን በጣም ቀንሰው፣ አጥንቱ እስኪቆጠር ድረስ አክስተው ጥቂት ወራት ወይም ጥቂት ዓመት ያቆዩታል። በዚያን ጊዜ የኒው ዮርክ ሀብታም ልጅና የጌሻ ገበሬ ልጅ መጨረሻቸው አንድ ነበር። በዚህ ሕመም ፊት ዓለም እኩል የሆነችበት ዘመን ቢኖር ያ ነው።

እኩልነቱ ያበቃው በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ነው። ፍሬድሪክ ባንቲንግ የሚባል ወጣት ቀዶ ሐኪም ከተማሪው ቻርልስ ቤስት ጋር፣ በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ፣ ከውሻ ቆሽት ያወጡት ንጥር የደም ስኳርን እንደሚያወርድ አዩ። ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ንጥሩ ገና ያልጠራ ስለነበር ብዙም አልረዳውም። ኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ ሌት ተቀን ሠርቶ አጠራውና ጥር 15 ቀን እንደገና ተወጋ። የልጁ ስኳር ወረደ፣ ጉልበቱ ተመለሰ። ለሞት የተዘጋጀው ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

13 ዓመት! ከመቶ ዓመት በኋላ በድሃ አገር ያለች የ10 ዓመት ልጅ የምትጠብቀው ዕድሜ፣ በታሪክ የመጀመሪያው የኢንሱሊን ተጠቃሚ ከኖረው ጋር ልክ እኩል ነው።

ፈልሳፊዎቹ የባለቤትነት መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ሸጡ። የማንም የግል ሀብት እንዳይሆን፣ ለሁሉም እንዲዳረስ ማለታቸው ነበር። በ1916 ዓ.ም. መስከረም ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በቀጣዩ ወር ባንቲንግና ማክላውድ የኖቤልን ሽልማት አገኙ። ኢትዮጵያ ከዓለም መንግሥታት ጋር እኩል ወንበር ባገኘችበት ወቅት፣ ዓለም ለስኳር ሕመም መድኃኒት አገኘ። ወንበሩና መድኃኒቱ ግን አብረው አልመጡም።

ለ60 ዓመታት ያህል ኢንሱሊን ይሠራ የነበረው ከበሬና ከአሳማ ቆሽት ነበር። የቀንድ ከብቷ በአፍሪካ አንደኛ በሆነች አገር የታረደ በሬ ቆሽት ለውሻ ሲጣል፣ ከሌላ አገር በሬ ቆሽት የወጣው መድኃኒት በአውሮፕላን እየመጣ በብልቃጥ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በባክቴሪያ አማካይነት የሚመረት የሰው ኢንሱሊን ገበያ ላይ ዋለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ኢንሱሊንን አስገብቶ ነበር። በወረቀት ደረጃ ነገሩ ያኔ አልቋል።

🔹 ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ

በካፋ በኩል ለረጅም ዘመን "ሆስፒታል" ማለት ጅማ ማለት ነበር። የጅማ ሆስፒታልን በ1930 ዓ.ም. የሠሩት ጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው ብለው ነው፤ ጣሊያን ሲወጣ የሕዝብ ሆነ። ከቦንጋ ጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደካ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ቦንጋን መድረስ አለበት። መንገዱ በጭቃ፣ ወንዙ በክረምት ሙላት በሚዘጋበት አገር ይህ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በቀን፣ በበቅሎና በተሸጠ በግ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነበር። የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ፣ ከፍተኛ ሆስፒታሎች ነበሩ። ፍራንሲስ ሌስተር የተባሉ ሐኪም በአዲስ አበባ የስኳር ሕመምተኞችን ለዓመታት ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1990 የነበሩ የዓይነት አንድ ሕመምተኞችን የሕመም ጠባይ፣ ጉዳትና ሞት መዝግበው አሳትመዋል። የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም በ1976 ዓ.ም. ተመሠረተ። እነዚህ ሥራዎች አንድ ነገር አረጋገጡ፤ ሕመሙ "የፈረንጅ በሽታ" ወይም "የሀብታም በሽታ" እየተባለ ቢናቅም ኢትዮጵያ ውስጥ አለ፣ ወጣቶችንም ይገድላል።

ገጠሩን ግን ማን ይድረስለት? መልስ የመጣው ከጎንደርና ከጅማ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ከመጀመሪያው ባለሙያ የሚያሠለጥነው ለገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው አንድ የሚያሳዝን ነገር ያውቁ ነበር። ሕመምተኛው ሆስፒታል ደርሶ፣ ድኖ፣ መድኃኒት ይዞ ወደ ቀየው ይመለሳል። መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚመለስበት ገንዘብ የለውም። በዓመቱ ካርዱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ሰውየው አይመጣም።

ከብሪታንያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ ጋር በመሆን የዘረጉት መፍትሔ ለመስማት ቀላል ነው። ፓሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ያስተማሩ፣ በኋላም የሐሩር አገሮችን ሐኪሞች ከብሪታንያ ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኝ ድርጅት የመሠረቱ ሰው ናቸው። መፍትሔው ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል መጥራት ትቶ ሕክምናውን ወደ እሱ መውሰድ ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ይሠለጥናል። ኢንሱሊን እዚያው ይቀመጣል። ሕመምተኛው በመዝገብ ስሙ ይሰፍራል፤ ቀጠሮው ቢያልፈው ይፈለጋል። ከሆስፒታል ሐኪም በየጊዜው እየሄደ የከበደውን ያያል። የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የደም ግፊት ሕመምተኞች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ነርስ ይታያሉ። በጅማም እነ ዶክተር ዮሴፍ ማሞ ይህንኑ አሠራር ዘረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ለሌሎች አገሮች ምሳሌ ሆኖ ቀረበ።

ልብ በሉ፤ አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፣ ውድ መሣሪያ አልተገዛም። የተለወጠው ነገር ርቀቱ ነው። አንድ ገበሬ የእርሻ ቀኑን ሳያጣ፣ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት የሚመለስበት ቦታ ላይ ኢንሱሊን ሲቀመጥ፣ ትናንት የማይቻል የተባለው ተቻለ። ይህን ያሳየችው ኢትዮጵያ ናት፤ በራሷ ነርሶች፣ በራሷ ጤና ጣቢያዎች።

🔹 ከመጽሐፍ የማይገጥመው ሕመምተኛ

ሕክምናው ወደ ገጠር ሲወርድ ማንም ያልጠበቀው እንቆቅልሽ ተገለጠ። ወደ ጎንደር ገጠር ጤና ጣቢያዎች የመጡት ኢንሱሊን ፈላጊዎች በአውሮፓ መጽሐፍ ከተጻፈው ጋር አልተመሳሰሉም። ብዙዎቹ ወንዶች፣ ቀጫጭን፣ በጣም ድሆች ነበሩ፤ ንጹሕ ውኃ የሌላቸው፣ ቤታቸው የተጎሳቆለ። የዶክተር ሽታዬ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት ርዕሱ ላይ በቀጥታ ጠየቀ፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ?

"እንደገና" የተባለው በምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን የሕመም ዓይነት በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ በ1999 ማስረጃው አልበቃም በሚል አወጣው። ከዝርዝር የወጣ ሕመም ጥናት አያገኝም፣ በጀት አያገኝም፣ ሐኪምም አይማረውም። በልጅነቱ ተርቦ ቆሽቱ ያልዳበረ የገጠር ወጣት "ዓይነት አንድ" ወይም "ዓይነት ሁለት" ከተባሉት ሁለት ሣጥኖች በአንዱ በግድ ሲከተት ኖረ። በመጨረሻ በ2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ "ዓይነት አምስት" ብሎ እውቅና ሰጠው።

ይህ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። የአንድ ሕመምተኛ ኢንሱሊን ስንት መሆን እንዳለበት፣ ምን መብላት እንዳለበት፣ መርፌው ቢቋረጥ በስንት ቀን አደጋ ላይ እንደሚወድቅ የሚወሰነው በዚህ ነው። በምግብ እጥረት ላደገ ቀጭን ሰው "ምግብ ቀንስ" የሚለው ምክር መርዝ ነው። ለከተማ የታተመው የምግብ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንጀራን ያውቃል እንጂ ቆጮን አያውቅም። በካፋ ቤት የዕለት ጉርሱ እንሰት፣ ጣፋጩ ማር ነው። ከቆጮ ምን ያህል ሲበላ ስንት መርፌ እንደሚያስፈልግ በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ገበታ ላይ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ፣ ሕመምተኛው ወይ ይራባል ወይ ስኳሩ ይወጣል።

🔹 በሕይወት መኖርና መኖር

እስካሁን የተባለው ስለ አለመሞት ነው። አለመሞት ግን ኑሮ አይባልም። ከዓይነት አንድ ጋር የሚኖር ሰው በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ ይወጋል። ከመብላቱ በፊት ያስባል፣ ከመሥራቱ በፊት ያስባል፣ ከመተኛቱ በፊት ያስባል። ኢንሱሊኑ ከበዛ ስኳሩ ይወርድና ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቀባዥራል፤ ፈጥኖ ጣፋጭ ካልቀመሰ ራሱን ይስታል። ካነሰ ደግሞ ዓመታት ቆጥሮ ዓይኑን፣ ኩላሊቱንና እግሩን ያስከፍለዋል።

በዚህ ላይ ሰው አለ። ክፍል ውስጥ የተንቀጠቀጠችን ተማሪ መምህሯ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ቢያስብ፣ ጓደኞቿ ይሸሿታል። መርፌ የሚወጋ ወጣት በአንዳንዱ ዓይን ሱሰኛ ይመስላል። ለትዳር የታጨች ልጅ ሕመሟን ትናገር ወይስ ትደብቅ ብላ ሌሊቱን ታነጋለች። ጾም ሲገባ፣ ታማሚ እንዳይጾም የንስሐ አባቱ ቢፈቅዱለትም፣ በቤተሰብ ፊት ብቻውን መብላት ያሳፍረዋል። ብዙዎች በድብቅ ይወጋሉ፤ የሚደብቅ ሰው ደግሞ መርፌውን ይዘላል።

ወጪውም አለ። ኢንሱሊኑ ቢገኝ እንኳ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ለብቻው ይገዛል። ስኳሩን ሳይለካ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መብራት ሳያበራ በሌሊት እንደሚነዳ ሾፌር ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ለገበሬው ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ዛሬ በየክልሉ ተስፋፍቷል። ነገር ግን መድን ዋጋ የሚኖረው መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ሲገኝ ነው። "የለም፣ ከውጭ ግዛ" ለሚባል ሰው የመድን ካርዱ ወረቀት ነው።

ማስቀመጫም ጥያቄ ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ገጠር ቤት ፍሪጅ የለም። በዚህ በኩል አንድ የምሥራች አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ የሚታየውን ሙቀት መሠረት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ ላይ የዋለ ኢንሱሊን በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል በሚለዋወጥ ሙቀት ለ4 ሳምንት ኃይሉን እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። የካፋ ደጋ ከዳጋሃሌይ እጅግ የቀዘቀዘ ነው። እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ወይም እርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ የልጅቷን ብልቃጥ ለወሩ ያቆይላታል። ፍሪጁ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያው ዘንድ ነው።

🔹 የተቆረጠ ገመድ

ይህ ሁሉ ሰንሰለት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አገር ያየው በቅርቡ ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ መንገድ፣ ባንክና መብራት ሲቋረጥ የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀ መሆኑን ለዓለም ተናገሩ። ለዓመታት ተረጋግተው የኖሩ ሕመምተኞች ብልቃጥ መቁጠር ጀመሩ። ጥይት ያልነካው ሰው በተዘጋ መንገድ ሊሞት እንደሚችል ታየ።

ትምህርቱ ለትግራይ ብቻ አይደለም። መንገድ የሚዘጋው በጦርነት ብቻ ባለመሆኑ፣ ክረምትም ይዘጋዋል፣ የነዳጅ እጥረትም፣ የውጭ ምንዛሪም ይዘጋዋል። የኢንሱሊን ገበያ በዓለም ላይ በሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ነው፤ ከእነርሱ ፋብሪካ እስከ ጌሻ ያለው ገመድ በአንድ ቦታ ቢበጠስ ልጅቷ ጋ የሚደርሰው ዝምታ ብቻ ነው።

🔹 የቀረው መንገድ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ከተነሱት የሕዝብ ጥያቄዎች አንዱ ርቀት ነበር፤ ለአንድ ጉዳይ ሐዋሳ ድረስ መመላለስ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ቢሮ ከቀረበ ግን መድኃኒትም መቅረብ አለበት። ዛሬ ቦንጋ ላይ የገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በየቀበሌው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት አለ። ጎንደርና ጅማ ያሳዩትን ለመድገም የሚያስፈልገው አጥንት ቆሟል።

የሚጎድለውን መቁጠር ይቻላል። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ ቢያንስ የሦስት ወር ኢንሱሊን፣ መርፌና ስትሪፕ ተቀምጦ፣ ሲያልቅ ሳይሆን ሳያልቅ እንዲተካ። ሁለተኛ፣ አንድ የሠለጠነ ነርስና አንድ መዝገብ፤ ነርሱ ሲዛወር መዝገቡና ሥልጠናው ለተተኪው የሚተላለፍበት። ሦስተኛ፣ የሚያስመልሰውና ትንፋሹ የፈጠነ ልጅ ሁሉ፣ የወባ ምርመራ እንደሚደረግለት፣ የስኳር ምርመራም እንዲደረግለት። አንድ ስትሪፕ ከአንድ ስኒ ቡና የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም። አራተኛ፣ መምህራን የወረደ ስኳር ምን እንደሚመስልና ስኳር ያለው ውኃ ማጠጣት ሕይወት እንደሚያድን እንዲያውቁ።

ከእነዚህ አንዱም አዲስ ግኝት አይፈልግም። ይህ ሁሉ የሚፈልገው ከዘመቻ ልማድ መላቀቅን ነው። ባለሥልጣን የሚመርቀው ሕንፃ፣ ፎቶ የሚነሳበት የርክክብ ቀን የዚህን ሕመም ባሕርይ አያውቀውም። ዓይነት አንድ የሚጠይቀው ማንም ፎቶ በማያነሳበት ተራ ማክሰኞ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ደካ ላይ መደርደሪያው ባዶ አለመሆኑን ነው።

ቶሮንቶ ላይ ያ ልጅ ከተወጋ መቶ ዓመት አልፏል። የጌሻ ጤና ጣቢያ ነርስ ዛሬ ጠዋት መደርደሪያዋን ከፍታ ስትመለከት ስንት ብልቃጥ ታገኛለች? የክልሉ ጤና ቢሮ ይህን ቁጥር በየሳምንቱ የሚያውቅ ከሆነ ልጅቷ ታድጋለች፤ ትማራለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች። የማያውቅ ከሆነ ግን ለእሷ ኢንሱሊን ገና አልተገኘም።